ለሙሽራ ድሪቶ

እግዚአብሔር ጸጋውን ሲያድል ለአንዱ ድምፅ፣ ለአንዱ ጉልበት፣ ለአንዱ ደግሞ በረት ሙሉ ከብት ይሰጣል። ለእኔ የሰጠኝ ቀለም የሚለይ ዓይን ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ የተሰጠኝን ብደብቅ ሰጪውን ማስቀየም ይሆንብኛል ብዬ ነው። ታዲያ በዚህ ዓይኔ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ሰውን «ገንዘብ የለህም» ብትሉት «ምን ይደረግ ወንድሜ» ብሎ ያልፋችኋል። «ድምፅህ አያምርም» ብትሉት ይስቃል። አንዲትን ሴት ግን «ያ ሻሽሽ ከቀሚስሽ ጋር አይሄድም» በሏት እስቲ፤ እስከ ልጅ ልጇ አትታረቃችሁም። ቀለም ማወቅን ሁሉም አለኝ ይላል፤ የተሰጠው ግን ለጥቂቶች ነው። ከጥቂቶቹ አንዷ ማን እንደሆነች ደግሜ አልናገርም።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ ጥጥን ባዘቶ ያሳሳዋል እንዲሉ፣ ይህን ያመጣሁት በገዛ እጄ ስለሰፋሁት አንድ ድሪቶ ላወጋችሁ ብዬ ነው። ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው፤ ናይለን የሚሉት ጨርቅ ፍኖተ ሰላም የገባ ሰሞን። ታናሽ እህቴ አንጓች ለማንኩሳ ሰው ታጨች። ሙሽራው ዲያቆን ልየው ይባላል፤ ካገባ በኋላ ይቀስሳል ተብሎ የሚጠበቅ፣ ድምፁ ያማረ፣ መሬት መሬት እያየ የሚሄድ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ፈንታ የደብሩ መምህር ናቸው። እናቱ እመት ዘውዴ ደግሞ የቀረውን ሰው ሁሉ ያስተምራሉ።

በእኛ አገር ልጅ ሲዳር የሁለቱም ወገን ወላጆች ከብት ያዋጣሉ። አባታችን ከሞቱ ወዲህ ግን እኛ ቤት የሚሰማው የከብት ድምፅ የጎረቤት ነበር። ጋብቻው የጸናው መሪጌታ የአባታችን ባልንጀራ ስለነበሩ፣ «ከብቱ ቢቀር ይቅር፣ የሰው ልጅ ናት» ስላሉ ነው። እመት ዘውዴ ግን «የከተማ ልጅ ምን ይዛ ልትመጣ ነው? ጥላዋን?» አሉ ተብሎ ወሬው ከማንኩሳ እኛ ደጃፍ ድረስ በእግሩ መጣ። አንጓች ሰምታ አለቀሰች። እናትም አባትም የሆንኳት እኔ ታላቋ ነኝ፤ ስታለቅስ ማየት አልችልም። እህቴን አማቷ ቤት አንገቷን ደፍታ እንድትኖር አልሰዳትም፣ ሰው ሁሉ አይቶ የሚደነቅበት አንድ ነገር አስይዣት ነው የምሸኛት አልኩ።

ቡሉኮ እንዳላሠራላት ፈትሉም ሸማኔውም ገንዘብ ይፈልጋሉ። በእጄ ያለው መርፌና ዓይኔ ነው። አንጓች ደግሞ ብርዳም ናት፤ ሰው በሚያዝያ ጥላ ፍለጋ ሲሮጥ እሷ ጋቢ ትፈልጋለች። ስለዚህ ድሪቶ እሰፋላታለሁ አልኩ። ባለቤቴ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርና ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር ከእንጀራው ይበልጥበታል። «ለሙሽራ ድሪቶ? አንቺ ሴት ጤናም የለሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ድሪቶ የሚለው ቃል የቸገረው ሰው ቃል ነው። ልብሱ ሲያልቅ ይጥፋል፤ የተጣፈው ሲያልቅ በተጣፈው ላይ ይጥፋል፤ በመጨረሻ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበረ ባለቤቱም አያውቀው። እኔ ግን ለባለቤቴ እንዲህ ስል አስረዳሁት። ድሪቶን ያዋረደው መጣፉ አይደለም፣ አለመመረጡ ነው። ያገኙትን ሲደርቱ ድህነት ነው፤ መርጠው ሲደርቱ ሙያ ነው። ደግሞስ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ከተባለ፣ ቁራጭ ጨርቅ ቢያብር አንዲት አማት ዝም ማሰኘት ያቅተዋል? ባለቤቴ ተነሥቶ ራዲዮኑን ከፈተ።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። ለድሪቶ ጨርቅ መምረጥ ቀላል የሚመስለው ጨርቅ ሁሉ ጨርቅ ብቻ ለሚመስለው ሰው ነው። እኛ አገር ሥራ የሌለው ቀለም የለም። አቡጀዲን ውሰዱ። ንጹሕ ነው፣ ለመርፌ ይመቻል፤ ግን ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቶ ያየ ሰው ትዝ የሚለው መግነዝ ነው፤ ሙሽራ በመግነዝ አትተኛም። ጥቁርማ የሐዘን ነው፤ እሱን ለሙሽራ የምትሰጥ ከእመት ዘውዴ የባሰች ጠላት ናት። ካኪ ጠንካራ ነው፣ ልጅ ልጅ ይደርሳል፤ ግን ካኪ ፖሊስ ነው። አጠገቡ ያስቀመጣችሁት ቀለም ሁሉ ዝም ይላል። አረንጓዴው ደግሞ የባላገሩ ሁሉ ቁምጣ ነው። የማንኩሳ ገበያ ግማሹ ለብሶት የሚውለውን ነገር ለአንጓች አልጋ አድርጌ ብወስድ፣ እመት ዘውዴ «ይህስ ከእኛም በረት አለ» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ቢጫ እወዳለሁ። በጥቅምት ከፍኖተ ሰላም ወደ ደምበጫ ሲሄዱ የኑግ ማሳ ያየ ሰው ቢጫን እንዴት ይጠላል? ቢሆንም ቢጫ ብቻውን ሲሆን ይጮሃል፤ ገላጋይ ያስፈልገዋል። አበባ ያለበት ሰማያዊ ቺት አገኘሁና አጠገቡ ባስቀምጠው ሁለቱ ተስማሙ፤ ግን እንደ ባዳ ነው የተስማሙት። መሃላቸው ሆኖ ቤተሰብ የሚያደርጋቸው ቀይ ጠፋ። ገበያው ውስጥ ቀይ ሞልቷል፤ የናይለኑ ቀይ ግን የሰካራም ዓይን ይመስላል። እኔ የፈለግሁት ብስል ቀይ ነው፤ ጨዋ፣ ዕድሜ ያለው፣ ሲቀመጥ ቦታውን የሚያውቅ ቀይ። የፍኖተ ሰላምን ሱቅ ሁሉ አዳረስኩ። ባለሱቆቹ ከሩቅ ሲያዩኝ መደርደሪያቸውን እያስተካከሉ ሥራ የያዙ ይመስሉ ጀመር።

በዚህ መካከል ቡሬ የካህናትን ካባና የቤተ ክርስቲያንን መጋረጃ የሚሰፋ ባለ ስፌት መኪና እንዳለ፣ ቁርጥራጩንም ለጠየቀው እንደሚሰጥ ሰማሁና በአውቶቡስ ሄድኩ። ባለመኪናው ገበያ ወጥቷል። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። የመጣሁበትን ብነግራት እንዝርቷን ሳታቆም «ጆንያው ኸጥግ አለልሽ፣ ግቢና እንዳሻሽ ምረጪ» አለችኝ። ገባሁ። ቀዩ እዚያ ነበር። ከፋይ ጨርቅ ነው፤ ያረጀ፣ ግን እንዲህ ነው እንጂ ማርጀት የሚያሰኝ። መሃሉ ላይ ጥልፍ ተፈትቶ የቀረ፣ አበባ የሚመስል ጥላ አለበት። ይህ ከፋይ ጆንያው ውስጥ ነበረ ወይስ ተጣጥፎ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር የሚለውን እስከ ዛሬ የሚከራከሩኝ ሰዎች አሉ። እኔ የምለው ጆንያውን ነክቶት ነበር ነው። ለሴትዮዋም አሳየኋት፤ «አሮጌ ነው፣ ምን ይሠራልሻል?» ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። ቀለም ላልተሰጠው ሰው ምን ይባላል? መርቄያት ወጣሁ።

አሰፋፌን በዝርዝር ብነግራችሁ ምስጢሩ ሙያ ለሌለው ሁሉ ይበተናል። በአጭሩ፣ ባለ አበባውን ጥላ ሳልቆርጠው መሃል አደረግሁት። ከቀረው ከፋይ ሦስት ማዕዘን ሦስት ማዕዘን እየቆረጥኩ በቢጫውና በሰማያዊው መካከል አዳረስኩት፤ ቀይ ያልደረሰው ጎን የለም። ውስጡን በባዘቶ ጥጥ ሞላሁት፣ ከሥሩ ገበር አደረግሁለት፣ ከዳር እስከ ዳር በእጄ ጠቀምኩት። የቀረችኝን ትንሽ ብጣሽ ለክፉ ቀን ብዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኳት። አልቆ አልጋ ላይ ስዘረጋው ባለቤቴ መጣ፣ ቆመ፣ ዞረው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባበትና «ለእኛስ?» አለ። ከዚህ በላይ ምስክር አልፈለግሁም።

ሠርጉ ደረሰ። ሙሽሮቹ ጠዋት በተክሊል ቆረቡ፤ ከዚያ በሙሽራው አባት ቤት ዳስ ውስጥ ድግስ ሆነ። ሙሽራዋ ይዛ የመጣችው ዕቃ በሽማግሌዎች ፊት የሚታይበት ሰዓት ሲሆን ድሪቶውን እኔ ራሴ ይዤ ገባሁና ዳሱ መሃል ዘረጋሁት። እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሴቶቹ እልል አሉ። ከብት ያልነዳን ሰዎች መሆናችንን ሁሉም ረሳው። አንጓች ከመጋረጃው ኋላ ቀና ስትል አየኋት። እመት ዘውዴ ብቻ «ድሪቶ ነው እኮ» አሉ። «አዎን እመት፣ ድሪቶ ነው፤ ደራቿን ግን ይዩልኝ» አልኳቸው።

መሪጌታ ሊመርቁ ተነሱ። መጥተው እጃቸውን መሃል ቀዩ ላይ አሳረፉ። አፋቸውን ለምርቃት ከፍተው ሳለ እጃቸው ቆመ። ያን አበባ ያልኩትን ጥላ በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ሄዱበት፤ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱበት። ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ይህን ኸየት አገኘሽው ልጄ?» አሉኝ። ከቡሬ አልኳቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ። ይህ ለጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ የሚያዝ የደብራቸው ጃንጥላ ኖሯል፤ እሳቸው ከዲቁናቸው ጀምረው የያዙት። አሮጌው በአዲስ ይለወጥ ተብሎ ቡሬ ሄዷል፤ አሮጌው ግን እንደ ሥርዓቱ ተመልሶ ሊቃጠል ሲጠበቅ ጠፍቶ ቀርቷል። እኔ አበባ ያልኩት የወርቅ ዘቦው መስቀል ተፈትቶ የቀረ ቦታው ነው።

 ይህን ሲሰሙ እመት ዘውዴ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ብለው ተረቱ። ተረቷን ድሮ እወዳት ነበር። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲስቅባት ግን ጆሮዬ ላይ እንደ ጋለ ብረት ሆነች።

ካህናቱ ለብቻቸው ተሰበሰቡ። አንዱ ይቃጠል አለ፤ አንዱ ከፋዩ ተፈትቶ ይውጣ አለ። ይፈታ ያለውን ጠርቼ ስፌቴን አሳየሁትና ሐሳቡን ለወጠ። በኋላ መሪጌታ ፈረዱ። አይቃጠልም፤ የወላጅ አልባ ልጅ ድካም አለበት። ቤተ ክርስቲያንም አይገባም፤ ከሰው ልብስ ጋር ተቀላቅሏል። በቤት ይቀመጥ። የታመመ ይልበሰው፣ በጾም ያለ ይልበሰው፣ ለብቻው የሚተኛ ሰው ይልበሰው፤ በረከት ነው። ባልና ሚስት ግን አብረው አይተኙበትም፣ አብረውም አይለብሱትም። የቀረችውን ብጣሽም ካለችበት እንድመልስ ታዘዝኩ።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ለሙሽሮች አልጋ የሰፋሁት ልብስ፣ ከሰው ሁሉ ተለይተው ሙሽሮች ብቻ የማይለብሱት ሆነ። አንጓች አንገቷን ደፋች። ይህ እንዳይሆን ነበር ያን ሁሉ የዞርኩት። እመት ዘውዴ ድሪቶውን አጣጥፈው ሲያስቀምጡ ፊታቸው ላይ የነበረውን ፈገግታ አልነግራችሁም። ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ባለቤቴ «ብዬሽ ነበር» እንዳይል በዓይኔ አስጠነቀቅሁት። ይሁን እንጂ በቀለሙ አልተጸጸትኩም፤ ማንም ሰው ቀዩ አላማረም አላለማ።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ወሬም ጠፋ። እኔ ግን በሐሳቤ አንጓች እመት ዘውዴ ቤት ጭስ ስትበላ፣ ገበያ የወጣ ሁሉ «ያች ባለ ድሪቶዋ» ሲላት ይታየኝ ነበር። መስቀል እንዳለፈ ልቤ አልችል አለና ለማየት ሄድኩ። ከቤቱ ሳልደርስ መንገድ ላይ ያገኘሁት ማንን ነው? ልየውን፤ አሁን ቄስ ልየውን። ጥምጥሙን እንዳሰረ አህያ ላይ ውሃ ጭኖ ይነዳል። ወንድ፣ ያውም ቄስ፣ ውሃ ሲቀዳ! ጉድ በል ማንኩሳ አልኩ በሆዴ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ፣ በመስቀሉ ባረከኝ፤ «አንጓች ትንሽ ወገቧን ብሏት ነው» ብሎ አህያዋን ቸብ ቸብ አደረገ።

ቤት ስገባ አንጓች ወፍራለች። ወገቧም ደህና ነው። ጎረቤት የተሠራው የእናትዬው ቤት ጸጥ ብሏል። እጇን ይዤ ምን ተገኘ ብላት ሳቀችና «እታለም፣ ያንች ድሪቶ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልየው በመጀመሪያ ለጨው እንኳ «እናቴ ትጠየቅ» የሚል ነበር። አንድ ማታ እናቱ በነገሩት ነገር ተነሥቶ አንጓችን ያለ ጥፋቷ ሲቆጣት አመሸ። እሷ አልመለሰችለትም። ድሪቶውን ከሳጥን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችና ገብታ ተኛች። እሱ ቆመ። «አንሽው» አላት። «እኔ ምን በወጣኝ፤ በረከት ነው ያሉት መሪጌታ አይደሉም?» አለችው። ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነውና ሥርዓቱ ከአልጋው አባረረው፤ መደብ ላይ በአጎዛ አደረ። በማግስቱም ድሪቶው አልተነሳም። ለማን ይንገር? ለአባቱ እንዳይናገር ምን አጥፍተህ ነው የዘረጋችው ሊሉት ነው። ለንስሐ አባቱ እንዳይናገር የአባቱ ባልንጀራ ናቸው። ለእናቱ እንዳይናገር፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቱ በምን አፉ ይነግራል? ከአጎዛው ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ አንጓች እንዳለችኝ ድሪቶውን መዘርጋት የለም፤ ከሳጥኑ ጫፉ ብቅ ካለ ይበቃል። ለጨውም እናቱን መጠየቅ ቀረ።

በመንገዴ ሁሉ እየሳቅሁ ተመለስኩ። ከብት ይዛ ብትሄድ ኖሮ ይህን ያደርግላት ነበር? በሬ ይሰረቃል፣ ላም ነጥፋ ትቀራለች። ሌላ ቀለም መርጬ ቢሆንስ? በቢጫ ማንም ባል አልታረመም። ለባለቤቴ ይህን ስነግረው «ያን ‹ለእኛስ› ያልኩትን ተይው» አለኝ።

ጨዋታው እዚህ ላይ ቢያበቃ በቂዬ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ግን እመት ዘውዴ ራሳቸው ደጃፌ ላይ ቆመው አየኋቸው፤ ማር በቅል ይዘው። ቤቴን ረግጠው አያውቁም። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ፣ ስለ ጤፉ ተጨዋወቱ፣ ልጆቼን አንድ ባንድ አሞገሱ። ሰው ቤት መጥተው የመጡበትን ነገር ሳያወጡ ይህን ያህል ሲቆዩ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካክለው መሪጌታን አነሱ። ተማሪ ቤት ሲጮሁ ውለው እቤትም ገብተው እንደሚጮሁ፣ እሳቸው ተማሪ ይመስል ቁሚ ተቀመጭ እንደሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ቁጣው አብሮ መግፋቱን አወሩኝ። ምራታቸው ቤት ግን ሰላም መሆኑን ታዝበዋል። ምክንያቱንም ደርሰውበታል። ለማለት የፈለጉት፣ ካልከበደኝ፣ ለእሳቸውም አንድ ድሪቶ እንድሰፋላቸው ነው።

ያን የሠርጉን ተረት ልተርትላቸው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ማሩን አይቼ ተውኩት። በትሕትና ግን እውነቱን ነገርኳቸው። «እመት፣ እኔስ በደስታ፤ ችግሩ ቀዩ የለም። የቀረችው ብጣሽ ተመልሳ በመሪጌታ እጅ ነው የተቃጠለችው» አልኳቸው።

እመት ዘውዴ አልደነገጡም። ደጁን ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «እሱን አውቃለሁ ልጄ። መሪጌታ ዓይናቸው እንደ ድሮው አይለይም፤ ኸገበያም ይሁን ኸየትም፣ ቀይ ይሁን ብቻ። አንቺ ስፊልኝ፤ ጃንጥላ መሆኑን እኔ እነግራቸዋለሁ።»